ቺሊ፦ በቦሎቄ ወይስ የቴክሳሱ ያለ ቦሎቄ?

እዚህ አሜሪካ ብርዱ ሲገባ ቤት ውስጥ ቺሊ (በቃሪያ የሚሰራ የሥጋ ወጥ) መስራት የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ቦሎቄ ልጨምር አልጨምር ብሎ ነው፣ ሁለቱንም ደጋግሜ ስለሰራኋቸው እስቲ ላወዳድራችሁ።

ወጪ፦ ባለቦሎቄው ይረክሳል፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋና ሁለት ጣሳ ቦሎቄ 5 ሰው ያጠግባል። የቴክሳሱ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ለዛው ሰው ከ1 ኪሎ በላይ የበሬ ትከሻ ይፈልጋል።

ድካም፦ ባለቦሎቄው 1 ሰዓት። የቴክሳሱ ግን ሥጋው ተቆርጦ ይጠበሳል፣ አንቾና ጓሂዮ የሚባሉት ደረቅ ቃሪያዎች ይታመሳሉ፣ ይዘፈዘፋሉ፣ ይፈጫሉ፣ ከዛ 3 ሰዓት ያህል በቀስታ እሳት፣ በቃ እንደ ዶሮ ወጥ ቀን ይወስዳል።

ጣዕም፦ ለኔ የቴክሳሱ ይበልጣል፣ ቃሪያው ጎልቶ ይወጣል። ቴክሳስ በ1977 እ.ኤ.አ. ቺሊን የስቴቱ ምግብ ብላ አውጃለች።

አደጋ፦ እባካችሁ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ስሎው ኩከር (በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ውስጥ እንዳትከቱ! ሌክቲን የሚባል ነገር አለው፣ በዛ ዝቅተኛ ሙቀት አይጠፋም፣ ክፉኛ ያስመልሳል። 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቀቀል። የጣሳው የበሰለ ስለሆነ ሀሳብ የለውም።

ከስራ ደክሟችሁ ከገባችሁ ወይ ልጆች ካሉ ባለቦሎቄው፣ ቅዳሜ እንግዳ ካለ የቴክሳሱ። የገና ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋውን ትታችሁ ቦሎቄውን በዘይት፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ስሩት፣ በጣም ይጥማል።