ምላጭ መሳያ ድንጋይ፦ የ900 ብሩ ወይስ የ4,800 ብሩ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። «አንተ፣ ያን ታጣፊ ምላጭህን በምንድን ነው የምትስለው? እኔም ልጀምር ነው፤ ድንጋዩን ከየት ላግኝ?» የመጨረሻው ጠያቂ ጭራሽ ገዝቶ ነው የመጣው። እዚሁ ጅማ፣ መንቲና ሰፈር ቡና እየጠጣን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ባለ ሁለት ገጽ ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ። ካርቶኑ ላይ 3000/8000 ይላል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ደቃቅ ነው ማለት ነው። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት እሱኑ ነበር የገዛሁት። ወዲያው አልነገርኩትም። ቡናው ይቅደም ብዬ ነው።

እንግዲህ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ገንዘቡ ካላችሁ የጃፓኑን ኪንግ 1000/6000 ግዙ። ከሌላችሁ መስታወት፣ ብርጭቆ ወረቀትና መሳያ ፊልም (ደቃቅ ብናኝ የተቀባ ስስ ፕላስቲክ) ግዙ። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ብቻ ያለውን ድንጋይ ግን አትንኩት።

የኔን የመጀመሪያ ድንጋይ ከሂርማታ ገበያ በ900 ብር ነው ያመጣሁት። ሻጩ 1,100 ብሎኝ ተከራክሬ ነው ያስቀነስኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ሳልኩ። ምላጩ አብረቀረቀ፣ እንደ መስታወት ሆነ። ጠዋት ጉንጬን ስነካው ግን በርበሬ የተረጨበት መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ሌላ ሳምንት ሳልኩ። ባሰበት።

በመጨረሻ አንድ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ ጋ ወሰድኩት። ያቺን ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ አዋሰኝ። ስለቱን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። ብዙ ቀጫጭን ጭረት አለ፤ እሱ ያለ ነው። በመሃላቸው ግን አንድ ጥልቅ ቦይ እስከ ጫፉ ድረስ ወርዷል። ቦዩ ካለቀበት ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ስንጥር ተሸርፋለች። ፊቴን ስትቧጭረኝ የከረመችው እሷ ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩ መሳያ ድንጋይ ውስጥ ያለው ብናኝ መጠኑ ተቀራራቢ ነው። ርካሹ ድንጋይ ውስጥ ግን ከደቃቁ ጋር ሻካራው ተቀላቅሎ ይገባል። በተነፋ ዱቄት ውስጥ አንዲት ጠጠር እንደማለት ነው። ሌላው ሁሉ ቢደቅ እሷ አንዷ ጥርስ ትሰብራለች። ለሽንኩርት ቢላ ችግር የለውም። ለጉንጭ ግን አይሆንም።

ተምሬያለሁ ብዬ ሁለተኛውን በቴሌግራም አዘዝኩ። 1,400 ብር። «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» አለኝ። ይረስርስ ብዬ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት አንዱ ድንጋይ ሁለት ሆኖ ጠበቀኝ። ማጣበቂያው ለቆታል። ፎቶ አንስቼ ብልክለት «አንተ ነህ ያበላሸኸው» አለና ብሎክ አደረገኝ።

እስቲ ደምሩ። 900 እና 1,400፣ 2,300 ብር። በዚያ ላይ የተሸረፈውን ለማጥፋት ስሞርድ ስሞርድ የጨረስኩት ምላጭ 1,600 ብር ነበር። ጠቅላላ 3,900። ብረት ደግሞ ተበልቶ ካለቀ አይመለስም።

ኪንጉን ከዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። 32 ዶላር። በዕለቱ ምንዛሪ ወደ 4,800 ብር መጣ። አይቀመስም፣ አውቃለሁ። ብር በሐምሌ 2016 ሳይንሳፈፍ፣ ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረ ጊዜ፣ ይኸው ድንጋይ 1,824 ብር ነበር የሚሆነው። ይህን ስሌት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሠርቼዋለሁ። ሌላም ስሌት አለኝ፦ ለአንድ ሰው ፂም አሥር ዓመት ቢያገለግል በወር 40 ብር ነው። ድንጋዩን በየቀኑ አትጠቀሙበትም፤ እኔ በስድስት ሳምንት አንዴ ብነካው ነው።

አያያዙ ትንሽ ጣጣ አለው። የ1000ውን ጎን አሥር ደቂቃ ውሃ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። የ6000ው ውሃ ጠብ ጠብ ቢደረግበት ይበቃዋል። ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ መሃሉ እየጎደጎደ ይሄዳል። ታጣፊ ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አብረው ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፤ ማዕዘኑን የሚሰጠው የጀርባው ውፍረት ነው። ድንጋዩ ከጎደጎደ ሁሉም ነገር ተዛባ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ድንጋዩን በእርሳስ እንደ ሒሳብ ደብተር ካሬ ካሬ አስምሩበት። መስታወት ላይ በተነጠፈ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። የእርሳሱ መስመር ሁሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል።

ስለዚህ መስታወቱ የትኛውንም ብትመርጡ አይቀርላችሁም። መስታወት ቆራጮች ጋ ወፈር ያለ ቁራጭ ለምኑ። እኔ 100 ብር ሰጥቼ ነው የወሰድኩት። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አለ፤ አንዱን ሉክ በ50 ብር ገዝቻለሁ። አንድ የሚሸውዳችሁ ነገር አለ። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥርና የጃፓን ድንጋይ ቁጥር አንድ አይደሉም። 2000 የሚለው ወረቀት ከጃፓኑ 1000 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በወረቀት ብቻ ፊት የሚላጭ ስለት አይወጣም፤ መሠረቱን ለመያዝ ግን ይሆናል። ከዚያ በኋላ የ3 እና የ1 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ፊልም ማስመጣት ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ውሃ ጠብ ሲደረግበት መስታወቱ ላይ ራሱ ይለጠፋል። ግን አላቂ ነው። አንዱ ባለቀ ቁጥር ደግሞ የሚያመጣ ሰው ፍለጋ ነው።

መሳል ሲማር ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ደቃቁ ይቸኩላል። ሥራው ያለው 1000 ላይ ነው። ስለቱን በማርከር ጥቁር አድርጉት። ሁለቴ ሳሉና እዩት። ቀለሙ የቀረበት ቦታ ድንጋዩ ያልነካው ቦታ ነው። ከእጀታው አጠገብ ጀምሮ እስከ ጫፉ የክንዳችሁን ፀጉር እኩል ካልቆረጠ ወደ 6000 አትለፉ። እኔን ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። ድንጋይ ላይ ስለቱን አስቀድማችሁ ትገፋላችሁ። ስትገለብጡት በጀርባው በኩል ነው። ለማሳረጊያ የምታመላልሱበት የከብት ቆዳ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ጀርባው ይቀድማል፣ አለበለዚያ ቆዳውን ትቆርጡታላችሁ። ጀርባው እንዳይበላ አንድ ዙር ናስትሮ ለጥፉበት።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ድሮ ፀጉር አስተካካይ የነበሩ ሽማግሌ አሉ። አንድ ቀን ድንጋዬን ይዤ ሄድኩና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። «ልጄ፣ ክትፎ ልትከትፍ ነው እንዴ? ምን ያስጫንሃል?» አሉኝ። ምላጩን ከእጄ ወስደው በሁለት ጣት ይዘው አንሸራተቱት። እኔ ስስል ክርር የሚለው ድንጋይ እሳቸው ሲስሉ ሽው ብቻ አለ። ከዚያ ወዲህ በጆሮዬ ነው የምስለው።

ለማሳረጊያው ቆዳ ያስፈልጋል። ጫማ ሰፊዎች ጋ ሰፋ ያለ የከብት ቆዳ አስቆርጡ። ወረቀት ተጨፍልቆ የተሠራው ቀበቶ ይላላጣል፣ አይሆንም። አረንጓዴውን የብረት ማወልወያ ሰም ቆዳው ላይ የሚቀቡ አሉ። ንጹሕ ክሮሚየም ኦክሳይድ (ደቃቁ አረንጓዴ ዱቄት) ከሆነ ግሩም ነው። ብዙው ሰም ግን ሌላ ሻካራ ነገር ይቀላቀልበታል፤ እንደገና ያችው የጠጠሯ ታሪክ ትመጣለች።

ቢላ በሚሽከረከር ድንጋይ የሚስሉት ልጆች ጋስ? በፍጹም። ቀጭን ብረት በአንድ አፍታ ይግልና ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነ ስለት ጥንካሬው ሄዷል፣ ከዚያ ወዲያ አይያዝም።

የጅማ ዝናብ ደግሞ ቶሎ የሚዝገውን ካርቦን ብረት አይወድም። ከተላጫችሁ በኋላ አድርቁና የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉበት። ምላጩንም ለወንድማችሁ እንኳ እንዳታውሱ፤ ስለት በጋራ አትጠቀሙ እየተባልን ያደግነው በከንቱ አይደለም።

ድንጋይ ስትገዙ ኪንግ የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትርኩ፤ ፎርጅዱም ያው ጽሑፍ ይኖረዋል። በ1,200 ብር «ኦሪጅናል» ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል። አሮጌ ቢላና ማጉያ ይዛችሁ ሂዱ። ደቃቁን ጎን ውሃ አስነክታችሁ ቢላዋን አሥር ጊዜ አመላልሱበትና ጭረቱን እዩ። ሻጩ ካኮረፈ ተዉለት።

ከውጭ ሰው የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ምላጭ ካለበት በእጅ ሻንጣ አይያዝ፤ አየር ማረፊያ ላይ ይቀሙታል፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ድንጋዩም ከወደቀ ይሰበራልና በልብስ ይጠቅልለው። የኔ በሁለት ካልሲ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ካልሲዎቹንም አልመለስኩም።