በየሳምንቱ መለጠፍ ወይስ በበዓል ሰሞን ብቻ?

ደብረ ብርሃን ላይ ባና፣ ጋቢ ወይም በግ ትሸጣላችሁ እንበል። ፌስቡክና ቴሌግራም ከፍታችኋል። ታዲያ በምን ያህል ጊዜ ትለጥፉ?

ወጪ፦ በየሳምንቱ ለሚለጥፍ ጊዜ እንጂ ብር ብዙም አይወጣም። የበዓል ሰሞኑ ግን ሁሉም በሚጮህበት ሰዓት ለመሰማት ለማስታወቂያ ይከፍላል።

ድካም፦ በየሳምንቱ ይከብዳል፣ አልዋሽም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወሬ ያልቃል። መፍትሔው ሥራውን ማሳየት ነው። ሱፉ ሲሸለት፣ ሲፈተል፣ ሲሸመን፤ አንድ የመንዝ ባና ብቻውን የወር ፖስት ይወጣዋል። (ዋጋውንም ጻፉት እባካችሁ። «በውስጥ መስመር» ሰው አሰልችቷል።)

ተደራሽነት፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ነው። ፌስቡክ ፖስታችሁን ለተከታዮቻችሁ ሁሉ አያሳይም። ላይክና ኮሜንት የሚያገኘውን ይገፋል። ወራት ዝም ብሎ የተመለሰ ገጽ የሚያየው ሰው ያንሰዋል። ቴሌግራም ለቻናሉ አባላት ሁሉ ያደርሳል፤ ግን በአንድ ቀን ሃያ ፎቶ ሲዘንብበት ሰው ድምፁን ያጠፋል፣ ወይም ውልቅ ይላል።

እምነት፦ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለ ገዢ ቅድሚያ በቴሌብር ሊከፍል ነው። የመጨረሻው ፖስት የአምናው ፋሲካ ከሆነ፣ «ሱቁ አለ እንዴ?» ይላል።

በግ ለበዓል ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ በብዛት ልቀቁ፤ ዓመቱን ሙሉ ስለ በግ ማውራት አይጠበቅባችሁም። ባናና ጋቢ ከሆነ ግን በሳምንት አንዴም ቢሆን አትጥፉ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሆነ በዓል አይጠብቅም።