«8 ጌጅ» የሚባለው የአምፕ ሽቦ ኪት፦ ምኑ ይያዛል፣ ምኑ ይጣላል

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመኪና ዕቃ ሱቅ አምፕሊፋየር ሲገዛ አብሮ የሚቀርብ አንድ ላስቲክ አለ። ውስጡ 5 ሜትር ያህል ቀይ ወፍራም ሽቦ፣ አጠር ያለ ጥቁር የማሳ ሽቦ (ከመኪናው ቦዲ የሚታሰረው)፣ አርሲኤ ገመድ (ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፑ የሚወስደው)፣ ቀጭን ሰማያዊ የሪሞት ሽቦ (ቴፑ ሲበራ አምፑን የሚያስነሳው)፣ የስፒከር ሽቦ፣ የፊውዝ ቤት ከ60 አምፔር ፊውዙ ጋር እና ጥቂት ተርሚናሎች ይገኛሉ። ላዩ ላይ «8 ጌጅ» ተብሎ ተጽፏል፤ ጌጅ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። ባለ 4 ቻናል ሆኖ በየቻናሉ እስከ 50 ዋት አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) ለሚሰጥ አምፕ ይበቃል። ሰብዉፈር ለሚነዳ ትልቅ አምፕ ግን አይሆንም። ለየትኛውም አምፕ ቢሆን ሽቦው ሳይታይ 60 አምፔሩ ፊውዝ እንዳለ መግባት የለበትም።

ነገሩ ሁሉ ያለው ቀዩ ሽቦ ላይ ነው። አብዛኛው ርካሽ ኪት ንጹሕ መዳብ ሳይሆን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለማወቅ አንድ ክር መዝዞ በምላጭ ፋቅ ማድረግ ይበቃል፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብር የመሰለ ነገር ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ላይተር ቢያስጠጉትም ቀጭኑ የአሉሚኒየም ክር ሟሙቶ ይበጠሳል፤ መዳብ ግን ይቀላል እንጂ አይወድቅም። ሻጩ ሽቦ ማስፋቅ ካልፈለገ ሚዛን አለ። እውነተኛ 8 ጌጅ የመዳብ ስፋቱ 8.37 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ 5 ሜትሩ የሽቦው ሽፋን ላስቲክ ሳይቆጠር 375 ግራም ያህል ይመዝናል። ከነላስቲኩ ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይ መዳብ አይደለም ወይ 8 ጌጅ አይደለም።

ልዩነቱ የሚታየው ድምፁ ከፍ ሲል ነው። ንጹሕ 8 ጌጅ መዳብ በ5 ሜትር ላይ 40 አምፔር ሲያልፍበት 0.4 ቮልት ያህል ይበላል። የዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ከ0.6 በላይ ይበላል። ላስቲኩ ወፍሮ ውስጡ 10 ጌጅ የሆነው ደግሞ (ይህ ብዙ ነው) 1 ቮልት ይደርሳል። የተበላው ሁሉ ሽቦው ላይ ሙቀት ይሆናል፤ ቤዙ በመታ ቁጥር የዳሽቦርድ መብራት ብልጭ ድርግም ካለም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው መስመር ነው።

የፊውዝ ሥራ አምፑን ሳይሆን ሽቦውን ማዳን ነው። 60 አምፔር ለንጹሕ 8 ጌጅ ነው፤ ለአሉሚኒየሙ ግን ፊውዙ ሳይበጠስ ላስቲኩ ቀድሞ ሊቀልጥ ይችላል። 4 በ50 ዋት የሚሰጥ ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት አምፕ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ 27 አምፔር አካባቢ ስለሚስብ 40 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። የፊውዝ ቤቱ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ይቀመጥ፤ አምፑ አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ መሃል ላይ ቦዲ ነክቶ ለሚነድ ሽቦ ምንም አያደርግም። ኪቱ ውስጥ ያለው ባለ መስታወት የፊውዝ ቤት ንክኪው ስለሚላላ ይሞቃል። በጠፍጣፋው፣ በብሎን በሚታሰረው ዓይነት መቀየር ለኪቱ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ የተሻለው ነው።

ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጋቲቭ ሞርሴት (የሽቦ ማሰሪያ) በ10 ቁልፍ በመፍታት ነው። ቀዩ ሽቦ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ በጎማ ቀለበት ውስጥ ይለፍ፤ ባዶ ላሜራ ከነካው ንዝረቱ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ማሳው ከቀዩ እኩል ውፍረት ይኑረው፣ ከ45 ሳንቲሜትር አይርዘም፣ ቀለሙ ተፍቆ ላሜራው ከሚያበራበት ቦታ ላይ ይታሰር። የወንበር ደህንነት ቀበቶ ብሎን ላይ ግን አይታሰርም።

ከቴፑ ጀርባ ከሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ቢጫው ቋሚ 12 ቮልት ነው፤ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው፣ ጥቁሩ ማሳ። ለአምፑ ሪሞት የሚሆነው ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ጭረት ያለበት ነው። ሙሉ ሰማያዊው የአንቴና ስለሆነ ብዙ ቴፖች ላይ ሬዲዮ ሲዘጋ ይጠፋል፤ «በሬዲዮ ይሠራል፣ በብሉቱዝ ዝም ይላል» የሚባለው ብልሽት ከዚህ ይመጣል። ሪሞቱን ከቢጫው ማሰር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። አምፑ መቼም አይተኛም፤ ግማሽ አምፔር ብቻ ቢስብ በቀን 12 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ዓርብ ማታ ቆሞ ሰኞ ጠዋት ላያስነሳ ይችላል።

አርሲኤው ከሁሉ በኋላ ይሰካ። ማሳው ሳይታሰር ከተሰካ የአምፑ ጅረት በአርሲኤው ሽፋን በኩል መመለሻ ይፈልግና በቴፑ ውስጥ ያለውን ቀጭን የማሳ መስመር ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚወጣው ፉጨት ቴፑ እስኪጠገን አይለቅም። ቴፑ ደህና ሆኖ ፉጨት ካለ አርሲኤውን ከአምፑ ነቅሎ ማዳመጥ ነው፦ ከጠፋ ችግሩ ከቴፑና ከአርሲኤው በኩል ነው፣ ካልጠፋ የአምፑ ማሳ ነው። የኪቱ አርሲኤ መከለያው ስስ ስለሆነ ከቀዩ ሽቦ በተቃራኒ በኩል ካልተዘረጋ ጫጫታ ያነሳል።

ጌይን (አምፑ ላይ ያለው የግቤት ማስተካከያ) የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ስፒከሮቹን ነቅሎ፣ የአምፑን ቤዝ ቡስት ዘግቶ፣ የቴፑን ድምፅ 75 በመቶ ላይ አድርጎ 1000 ኸርዝ ቶን ማጫወት፤ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ ከአምፑ የስፒከር መውጫ ላይ አስነክቶ ጌይኑን ከታች ቀስ እያሉ መጨመር። ለ50 ዋት በ4 ኦም 14.1 ቮልት ላይ ይቆማል። ብዙ ርካሽ ቴስተሮች በትክክል የሚለኩት 50 ኸርዝ አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ የተያዘው እንደዚያ ከሆነ ቶኑን ወደ 50 ኸርዝ ዝቅ አድርጎ፣ የአምፑን ሃይ-ፓስ ፊልተር (ወፍራም ድምፅ የሚከለክለውን) ዘግቶ መለካት ይሻላል።

አይሱዙ ላይ ለሚገጥም ሰው፦ መኪናው 24 ቮልት ስለሆነ ኪቱ በቀጥታ አይገባም። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ 12 ቮልት መሳብ የተለመደ ነው፤ ግን አንዱ ባትሪ ሳይሞላ ሲቀር ሌላው ከመጠን በላይ እየሞላ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ፣ ቢያንስ 30 አምፔር የሚሸከም መቀነሻ ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም ኪት የገጠመ ደግሞ በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ የፊውዝ ቤቱንና የአምፑን ብሎኖች በካቻቪቴ እንደገና ያጥብቅ፤ አሉሚኒየም ሲጨመቅ ይሸሻል።