ሚንስትረልሲ ወይስ አላንስ? የታይን ወንዝ ዘፈኖችን በመጽሐፍ ለምትፈልጉ

ኳስ የምታዩ ከሆነ የኒውካስል ደጋፊዎች የሚዘፍኑትን «ብሌይደን ሬስስ» አንድ ቀን ሳትሰሙት አትቀሩም። እንግሊዝኛ እንችላለን የምንለውም ሰዎች ከቃሉ ግማሹ ያመልጠናል። ጥፋቱ የጆሯችን አይደለም። ዘፈኑ የተገጠመው በጆርዲ ነው፤ ኒውካስል ባለችበት በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ የታይን ወንዝ ዳር ሰው በሚናገረው ዘዬ። እዚያ ልጅ «ባይርን» ነው፣ መሄድ «ጋን» ነው፣ የሚወዱትን ሰው ደግሞ «ሂኒ» ይሉታል፣ ማሬ እንደማለት።

እኔም በዚህ ዘፈን ሰበብ ነው የቪክቶሪያ ዘመን የዘፈን ስብስቦች ውስጥ ሰምጬ የቀረሁት። የትኛውን ልግዛ ስል ሁለት መጽሐፎች ፊቴ ተደቀኑ። አንዱ በ1882 የወጣው «ኖርዘምብሪያን ሚንስትረልሲ» ነው። ሌላው «አላንስ ታይንሳይድ ሶንግስ» ይባላል፤ መጀመሪያ በ1862 ወጣ፣ ከዚያ በየእትሙ እየወፈረ ሄዶ በ1891 ከ500 ገጽ በላይ ሆነ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ከኒውካስል የወጡ ናቸው። ግን አንዱን ገዝቶ የሌላውን ይዘት የሚጠብቅ ሰው ይከፋዋል።

ሚንስትረልሲን ያዘጋጁት ጆን ኮሊንግዉድ ብሩስና ጆን ስቶኮ ናቸው። ብሩስ ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ ስለሠሩት ግንብ በመጻፍ የታወቀ ሰው ነው፤ ያሳተመውም የኒውካስል የጥንታዊ ቅርሶች ማኅበር ነው። መጽሐፉም ባለቤቶቹን ይመስላል፣ የሚናገረው ክራቫት አስሮ ነው። «ኪል ሮው»፣ «ቦቢ ሻፍቶ»፣ «ዘ ዋተር ኦፍ ታይን» ሁሉም አሉበት። ኪል ማለት በታይን ወንዝ ላይ ድንጋይ ከሰል ታመላልስ የነበረች ጀልባ ናት፣ ዘፈኑም ፍቅረኛዋ እዚያች ጀልባ ላይ የሚሠራ ልጅ ያላት ሴት ዘፈን ነው።

የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ሀብት ኖታው ነው። ዜማው ያለ ፒያኖ አጃቢ፣ ብቻውን በአንድ መስመር ተጽፏል። ኖታ የሚያነብ ሰው በዋሽንትም በማሲንቆም ቢሞክረው ማን ከለከለው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ግጥም የሌላቸው የኖርዘምብሪያ (የዚያው የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ) ትንሿ ባግፓይፕ፣ ማለትም የአየር ከረጢት ያላት መሣሪያ፣ ዜማዎች ናቸው። ይህቺ መሣሪያ የምትገርም ናት። በአፍ አትነፋም፣ አየር የምታገኘው ክንድ ሥር ከሚታሰር ወናፍ ነው። ዜማ የሚወጣበት ቱቦ ጫፉ ድፍን ስለሆነ ጣቶች ቀዳዳዎቹን ሁሉ ሲዘጉ ጭጭ ይላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅ ተቆርጦ ተቆርጦ ይወጣል። ለመሣሪያ ተጫዋች ይህ ክፍል ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣል።

ድክመቱ ዘዬው ላይ ነው። ዘዬ የለም ማለቴ አይደለም። አዘጋጆቹ ግን ልባቸው ያለው ከጥንቱ ጋር ነው፤ በራሳቸው ዘመን መጠጥ ቤት ውስጥ ይዘፈን የነበረውን የከሰል ቆፋሪውንና የፋብሪካ ሠራተኛውን ዘፈን ገሸሽ አድርገውታል። «ብሌይደን ሬስስ»ን ፍለጋ ከገዛችሁት አታገኙትም።

አላንስ የሚጀምረው ሚንስትረልሲ ፊቱን ካዞረበት ነው። ቃሉ የተጻፈው እንደሚነገረው ስለሆነ ድምፅ አውጥታችሁ ካላነበባችሁት አይገባችሁም። መጀመሪያ ያበሳጫል። ሦስት አራት ዘፈን ካነበባችሁ በኋላ ግን ጆሯችሁ ውስጥ ሰውየው መናገር ይጀምራል። የጎጃምን ወይም የወሎን ዘፈን አንድ ሰው በአዲስ አበባ አማርኛ «አስተካክሎ» ቢያሳትመው ምን ጣዕም ይቀረዋል? የአላንስ ሰዎች ይህን ስህተት አልሠሩም።

ሌላው የምወደው ነገር የገጣሚዎቹን ሕይወትና ምስል ማስገባቱ ነው። ጆ ዊልሰን አለ፣ ኔድ ኮርቫን አለ፣ የ«ብሌይደን ሬስስ» ባለቤት ጆርጅ ሪድሊም አለ። ሪድሊ ገና በልጅነቱ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ የገባ ሰው ነው። በኋላ ሥራ ላይ ተጎድቶ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲያቅተው በዘፈን መተዳደር ጀመረ። ያን ዘፈን በ1862 ዘፈነ፣ በ1864 ደግሞ በ29 ዓመቱ ሞተ። ይህን አንብባችሁ ስታዲየሙ ሲዘፍነው ብትሰሙ ሌላ ነገር ነው። «ገጣሚው የሚታወቅ ዘፈን የሕዝብ ዘፈን አይባልም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ስታዲየም ሙሉ ሰው በቃሉ የሚወጣውን ዘፈን የሕዝብ አይደለም ካሉ እንግዲህ ምን ይባላል።

የአላንስ ችግር ኖታ ነው። ባብዛኛው የዜማውን ስም ከላይ ጽፎ ያልፋል፣ ዜማውን የማታውቁት ከሆነ ዕዳው የእናንተ ነው። በዚያን ጊዜ የኒውካስል አንባቢ ሁሉንም ያውቃቸው ነበር፤ እኛ ግን እያንዳንዱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ፒያኖ ለምትጫወቱ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትወርዱ ይሻላል። ሴባይን ቤሪንግ-ጉልድ የሚባል ቄስ ከዴቨንና ከኮርንዎል የሰበሰበው «ሶንግስ ኤንድ ባላድስ ኦፍ ዘ ዌስት» ከ1889 እስከ 1891 በአራት ክፍል የወጣ ነው፣ የፒያኖ አጃቢም አለው። ግን ቄስ ቄስ ነው፤ ባለጌ የመሰለውን ግጥም ራሱ እየቀየረ ነው ያሳተመው። ለዘዬ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። የሊድሱ ፍራንክ ኪድሰን በ1891 ያወጣው «ትራዲሽናል ቱንስ» ታማኝ መጽሐፍ ነው፣ ዜማዎቹን ያለ አጃቢ አስቀምጧል። የመጀመሪያው እትም 200 ቅጂ ብቻ ስለነበር እሱን ማሳደድ የሰብሳቢዎች ሥራ ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን። የመጀመሪያዎቹን እትሞች ለመደርደሪያ ውበት ካልሆነ አትግዙ። ሚንስትረልሲ በ1965 አሜሪካ ውስጥ በድጋሚ ታትሟል፣ የእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈን ተመራማሪው ኤ. ኤል. ሎይድ መቅድም ጽፎለታል። የ1891ዱ አላንስ ደግሞ በ1972 ኒውካስል ውስጥ ፍራንክ ግሬሃም አሳትሞታል። ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች እነዚህን በስማቸው ጠይቁ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሲታዘዝ ብቻ ከስካን ከሚታተመው ነው። እኔ አንዴ ሽፋኑ አምሮብኝ ሚንስትረልሲን እንዲህ ገዛሁ። ሲመጣ ገጾቹ ተጣመው፣ የአንዳንዱ ኖታ የመጨረሻው ክፍል በጠርዙ ተቆርጦ ነው የደረሰኝ። ሻጩን ብጠይቅ «ዋናው ቅጂ እንዲሁ ነው» አለኝ። ውሸት ነው፤ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የመረብ ቤተ መጻሕፍት ላይ ያለውን ነፃ ስካን ከፍቼ አየሁት፣ ሙሉ ነው። እንዲያውም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም እዚያ ከፍታችሁ አሥር አሥር ገጽ አንብቡ። ዓይናችሁ ወደ ኖታው ከሄደ ሚንስትረልሲ፣ አፋችሁ ቃሉን ለመሞከር ከተነሳ አላንስ።

እኔ በመጨረሻ የ1972ቱን አላንስ ገዛሁ። የ«ኪል ሮው»ን ኖታ ደግሞ ከሚንስትረልሲ ስካን ላይ አትሜ መሃሉ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ።