ራውተሩ የት ይሰካ? መስመሩ የሚገባበት ሶኬት ወይስ ሳሎን?

በስልክ መስመር ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱን ላስቀድም፦ ራውተሩ መስመሩ ከውጭ ገብቶ መጀመሪያ በሚያርፍበት ሶኬት ላይ ይሰካ። እስከ ሳሎን ያለውን ርቀት የስልክ ሽቦ ሳይሆን የኔትወርክ ኬብል ይሸፍነው።

የስልክ ሽቦ የተዘረጋው ለድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ 4 ኪሎኸርትዝ ይበቃዋል። በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት ከሚያስተላልፉት ዘዴዎች ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ እስከ 2.2 ሜጋኸርትዝ፣ ቪዲኤስኤል በተለመደው አሠራሩ እስከ 17 ሜጋኸርትዝ ይወጣል። እዚያ ላይ ያልተጠማዘዘ ጠፍጣፋ ሽቦ በአካባቢው ያለውን ጫጫታ ሁሉ ይለቅማል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል የተቀጠለው ቅርንጫፍ ነው። ጫፉ ላይ ምንም ባይሰካም ሲግናሉን እያንጸባረቀ ይመልሰዋል። ስልክ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የፊልተር (የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለየው ትንሽ ዕቃ) ነው፤ ወይ የለም፣ ወይ ተበላሽቷል።

በግምት መከራከር አያስፈልግም፤ የሞደሙን (መስመሩን የሚቀበለው የራውተሩ ክፍል) ገጽ በብሮውዘር ክፈቱ። በሁለቱም ቦታ የተገናኘበትን ፍጥነት፣ የኖይዝ ማርጂኑን (መስመሩ ጫጫታን ለመቋቋም ያለውን ትርፍ አቅም) እና የሲአርሲ ስህተት ቁጥሩን (ተበላሽቶ የደረሰውን ዳታ ብዛት) መዝግቡ። ሳሎን ላይ ፍጥነቱ ወርዶ ስህተቱ በየደቂቃው የሚጨምር ከሆነ ችግሩ ከቤቱ ሽቦ ነው። ለሙከራው ብላችሁ ግን ሞደሙን ደጋግማችሁ አትንቀሉ፤ የአንዳንድ አቅራቢ መሣሪያ መስመሩን እንደማይረጋ ቆጥሮ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

ወጪውስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የስልክ ሽቦ ርካሽ ስለሆነ ይገዛል፤ ዋይፋዩ ሲደክም ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ የሚያራዝም ዕቃ) ይጨመራል፤ በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው የሚያስተላልፍ ሪፒተር ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቆርጠዋል። ከዚያ ወደ ሜሽ (ተባብረው አንድ ዋይፋይ የሚሰጡ መሣሪያዎች) ይኬዳል። በሁለት ዙር የወጣው ገንዘብ መጀመሪያውኑ ኬብሉን ገዝቶ ይተርፍ ነበር። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ደረጃ 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ይሸከማል፤ ለመኖሪያ ቤት «ካት 7» ተብሎ በውድ ለሚሸጠው ጠፍጣፋ ኬብል መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

ኬብል ስትገዙ የምትጠነቀቁት ከአንድ ነገር ነው፦ መዳብ ከተቀባ አሉሚኒየም። ከላይ ሲታይ መዳብ ይመስላል። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ውስጧ ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ናት። ጥቅሉም ሲያነሡት ይቀላል፣ ሽቦው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል። መጀመሪያ ይሠራል፤ ኮኔክተሩ ውስጥ ላልቶ ወይም ተሰብሮ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። የዚህ ብልሽት ክፋቱ ደግሞ ዝም ማለቱ ነው። ከሰማያዊው ወይም ከቡናማው ጥንድ አንዷ ሽቦ ብትበጠስ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ከ1 ጊጋቢት ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ላይ የሊንክ ፍጥነቱ 100 ካለ ኢንተርኔቱን ከመውቀስ በፊት ኮኔክተሩን ቆርጣችሁ አዲስ ግጠሙ። ቅደም ተከተሉ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ጥንዶቹን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ፤ የውጭው ልባስም ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ይያዝ።

የመጀመሪያው ሶኬት ጥግ ላይ ሆኖ ዋይፋዩ ሳሎን ካልደረሰ አዲስ ዕቃ አትግዙ። የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ይበቃል። አድራሻውን ከዋናው የተለየ፣ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ 192.168.1.2 አድርጉት፤ ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) አጥፉ፤ ኬብሉን ከዋናው የላን ፖርት አውጥታችሁ በአሮጌው የላን ፖርት ስኩት፣ ዋን በሚለው አይደለም። የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል አንድ ይሁን፤ ቻናሉ ግን ይለያይ፦ አንዱ 1 ከሆነ ሌላው 6 ወይም 11።

ሳሎን መሰካት የሚያዋጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ወደዚያ የሚሄደው ሽቦ የተጠማዘዘ፣ ያልተቀጠለና ቅርንጫፍ የሌለው ሲሆን፤ ያኔ በሞደሙ ገጽ ላይ ያሉት ቁጥሮች እምብዛም አይለያዩም።

ፋይበር ላላቸውም መንገዱ ያው ነው። የፋይበሩ ሳጥን ባለበት ይቆይ፤ ከእሱ ወደ ራውተሩ ኬብል ይዘርጋ። ቀጭኑን የፋይበር ገመድ አትጎትቱ፣ ሲታጠፍም ክቡ ከ3 ሴንቲሜትር ሬዲየስ አይጥበብ፤ ከዚያ ካነሰ ብርሃኑ ሊፈስ ይችላል።