አምስት ኪሎ ወይስ ልደታ? ሲቪል ምህንድስናን በማስተርስ ለመማር ለምታስቡ

«ጋሼ፣ ማስተርሴን አምስት ኪሎ ልማር ወይስ ህንፃ ኮሌጅ?»

የጠየቀችኝ አብራኝ ሳይት የምትውል ልጅ ናት። ኦፊስ ኢንጂነር ናት፤ ቀኑ የሚያልፍባት ቴክ ኦፍ (ከዲዛይኑ ላይ የሥራ መጠን ልኬት) ስታወጣና የክፍያ ሰርተፊኬት ስታዘጋጅ ነው። ሻያችንን ይዘን ከሳይቱ አጥር ሥር ቆመን ነበር።

«ቴሲስሽን፣ የመመረቂያ ጥናትሽን፣ በምን ላይ ልትሠሪ አስበሻል?» አልኳት።

«እሱማ ገና ነው። ከገባሁ በኋላ እደርስበታለሁ።»

እኔም በጊዜዬ እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁት። ኮርሱን ከጓደኞቼ እኩል ጨረስኩ። ቴሲሱ ግን ሌላ ሁለት ዓመት በላብኝ። አብረውኝ ከጀመሩት መካከል ኮርስ ጨርሰው ቴሲስ ላይ የቀሩ አሉ። ዛሬም ስንገናኝ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይሉኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ሁሉንም የማነጻጽረው በአንድ መለኪያ ነው። ቴሲሳችሁን በጊዜው የሚያስጨርሳችሁ፣ ስትወጡም አንድ ነገር ጠንቅቃችሁ እንድታውቁ የሚያደርጋችሁ የትኛው ነው?

ሁለቱ ግቢዎች

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። «የቱ ስም አለው?» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። ልዩነቱ ያለው ግቢው ውስጥ ከማን ጋር እንደምትውሉ ላይ ነው።

አምስት ኪሎ ያለው ቀድሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበረው ነው፤ ቀደም ያሉት ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ይሉታል። ስትራክቸር (የህንፃ አካል ዲዛይን)፣ ጂኦቴክ (የአፈርና የመሠረት ጥናት)፣ ሃይድሮሊክስ (የውሃ ፍሰት ጥናት)፣ መንገድና ትራንስፖርት ብሎ የሚያስብ ሰው ቤቱ እዚህ ነው። ኮንስትራክሽን ማኔጅመንትም አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከልም እዚሁ ነው። ሐዲድ፣ የሐዲድ መሠረት፣ የባቡር ድልድይ የሚስባችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማችን ራሷ ለዚህ ጥናት የተዘረጋች ናሙና ናት።

ልደታ ያለው ቀድሞ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የነበረው ነው። ህንፃ ኮሌጅ ስንል እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ትብብር የተጀመረ ቤት ነው። እዚያ የምትውሉት ከአርክቴክቶችና ከከተማ ፕላነሮች ጋር ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ስለ ኮንዶሚኒየም ወጪ፣ ቀድሞ ተመርቶ ስለሚገጠም የኮንክሪት ቢም (ፕሪካስት) እና ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት ስለሚሠራ ወለል (ሆሎው ብሎክ ስላብ)፣ ስለ ውል አስተዳደር፣ በአገር ውስጥ ስለሚገኝ የግንባታ ዕቃ ቴሲስ ብትሠሩ ከክፍላችሁ ወጥታችሁ ሁለት በር አልፋችሁ የምትጠይቁት ሰው አለ። ያንኑ ጥያቄ አምስት ኪሎ ይዛችሁ ብትሄዱ ስለ ኮንክሪቱ ጥንካሬ በደንብ ይነገራችኋል። ቤቱ ውስጥ ስለሚኖረው ሰው ግን ብዙ የሚያወራችሁ አታገኙም።

ያቺን ልጅ «ልደታ ሂጂ» ያልኳት ለዚህ ነው። ሥራዋ ክፍያ፣ ቫሪየሽን (የሥራ ለውጥ)፣ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ነው። በእጇ ያለው ፋይል ራሱ የቴሲስ ማህደር ነው። አጠገቧ ያለው ወጣት ዲዛይነር ቢጠይቀኝ ግን ያለማመንታት አምስት ኪሎ እለው ነበር።

ቂሊንጦ አካባቢ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም አለ። ለቃሊቲና ለአቃቂ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው። መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው ግን መንገዱን አንድ ቀን በሥራ መውጫ ሰዓት ይሞክረውና ይወስን።

ስትራክቸር፣ ጂኦቴክ፣ ሃይድሮሊክስ ወይስ ማኔጅመንት

ብዙ ሰው ስትራክቸርን የሚመርጠው ክብር ስላለው ነው። እውነትም ከባድ ነው፤ ያስከብራልም። ጊዜውም ደርሶለታል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት እዚህ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ ሁላችንም «ያለንበት ህንፃ በየትኛው ኮድ፣ በየትኛው የዲዛይን ደንብ ነው የተሠራው?» ብለን ጠይቀናል። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የድሮው ኮድ የተሠሩት ብዙ ናቸው። ከአውሮፓ ኮድ ተወስዶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ደግሞ አለ። በሁለቱ መካከል ቆመው ስለቀሩ ህንፃዎች የሚጠና ነገር ሞልቷል። ለሠራተኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ኢታብስና አባከስ የሚባሉት የስትራክቸር ማስሊያ ሶፍትዌሮች የሚሮጡት ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ ሌሊትም ይሠራሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የሚያስፈልገን ጂኦቴክ ነው። ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አቃቂ ያለውን ጥቁር አፈር አስቡት። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አጥር ሲሰነጠቅ፣ የምድር ቤት ወለል ሲነሳ፣ አስፋልት እንደ ማዕበል ሲሆን ያየ ሰው ለዚህ አፈር መልስ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ ከአፈር መደርመስ ጋር አንድ ዓይነት ስሌት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። በየቦታው ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ ቤዝመንት በሚሠራበት በዚህ ጊዜ ጎረቤት ያለውን ቤት ማን እንደሚያስብለት ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ የማጣባቸው ቀናት አሉ።

ነገር ግን የጂኦቴክ ቴሲስ ጊዜያችሁን ይጠይቃል። ይህን ሳትሰሙ እንዳትመዘገቡ። ኦዶሜትር የሚባለውን የአፈር መጭመቂያ ሙከራ ውሰዱ። ቁመቷ 2 ሴንቲሜትር የሆነች የአፈር ናሙና ቀለበት ውስጥ ትገባለች፣ ክብደት ይጫንባታል። ከዚያ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ15፣ በ30 ደቂቃ፣ ቀጥሎም በሰዓታት ልዩነት እየተጠጋችሁ ጌጁን (መለኪያውን) ታነባላችሁ፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። በማግስቱ ክብደቱ እጥፍ ይሆንና እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አንዷ ናሙና ብቻ ከሳምንት በላይ ትይዛችኋለች። ናሙናው አንድ አይደለም። ከ11፡30 በኋላ ከሥራ ወጥቶ ግቢ የሚደርስ ሰው ይህን እንዴት ያነባል? የዓመት ፈቃዳችሁን ካላጠራቀማችሁ ወይም አለቃችሁ ካልተባበራችሁ አይሆንም።

ሃይድሮሊክስ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ነው። የዝናቡን መረጃ ከሚቲዎሮሎጂ፣ የወንዙን ፍሰት ከውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ማግኘት አለባችሁ። ሁለቱም የትብብር ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ደብዳቤው እጃችሁ እስኪገባ፣ መረጃው እስኪወጣ፣ የጎደሉት ዓመታት እስኪሞሉ ወራት ይሄዳሉ። ካገኛችሁት በኋላ ግን ቀሪው ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት ነው። የከተማ ጎርፍ ላይ ብትሠሩ ደስ ይለኛል። ኮሪደር ልማቱ አዲስ የእግረኛ መንገድና አዲስ የውሃ መውረጃ በሠራባቸው ቦታዎች ከሐምሌ እስከ መስከረም ቆሞ ማየት ብቻውን ጥያቄ ይሰጣችኋል።

ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ቀላል ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። መጠይቅ በትኖ አማካኝ አውጥቶ «የፕሮጀክት መዘግየት ምክንያቶች» ብሎ የሚጻፈው ቴሲስ ቀላል ነው፤ እሱም በዝቷል። ከመግባታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የቴሲስ ማከማቻ ድረ ገጽ ከፍታችሁ ያንን ርዕስ ፈልጉ። ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ስታዩ ሌላ ርዕስ ታስባላችሁ። አንድ እውነተኛ ፕሮጀክት ወስዶ ውሉን፣ ደብዳቤዎቹን፣ የክፍያ ሰርተፊኬቶቹን አንድ በአንድ እየመረመረ ገንዘቡ የት እንደባከነ የሚያሳይ ቴሲስ ግን ብርቅ ነው። ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ይፈቅዳል ወይ የሚለውን ቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ።

ላቦራቶሪ ወይስ ኮምፒዩተር

እኔ ላብ፣ ማለትም የላቦራቶሪ ሙከራ መረጥኩ። ሲሚንቶን በከፊል በተፈጨ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መተካት ነበር ርዕሴ። ያኔ የመሰለኝ ኮንክሪት ማቡካትና ማድቀቅ ብቻ ነው። ስታስቡት እንዲህ ነው። 5 ዓይነት ቅልቅል፤ ምንም ፑሚስ የሌለው፣ 5፣ 10፣ 15 እና 20 በመቶ ያለው። እያንዳንዱ በ7፣ በ28 እና በ90 ቀን ይደቃል፤ ፑሚስ ጥንካሬውን ዘግይቶ ስለሚያወጣ 90 ቀኑ የግድ ነው። ለእያንዳንዱ ዕድሜ 3 የኮንክሪት ኩብ። ሲባዛ 45 ኩብ ይሆናል። አንዱ የ15 ሴንቲሜትር ኩብ ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። ሁሉም ሲደመር ከ3 ኩንታል ተኩል በላይ ኮንክሪት በእጃችሁ አቡክታችሁ፣ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ጠቅጥቃችሁ፣ በ24 ሰዓት አውጥታችሁ፣ ገንዳ ውስጥ ትከታላችሁ። ሲሚንቶ አንድ ከረጢት አይበቃም፤ ብክነት ስላለ ሁለት ግዙ። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ምርት ግዙ። በመሀል የተለወጠ ሲሚንቶ ውጤቱን ያበላሸዋል።

90 ቀን ስትቆጥሩ ኖራችሁ ጠዋት በጊዜ ደረሳችሁ እንበል። እኔ ደረስኩ። የመጭመቂያ ማሽኑ ላይ «ብልሽት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቴክኒሻኑ መለዋወጫ እየተጠበቀ እንደሆነ ነገረኝ። 15ቱን ኩቦቼን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ላዳ ተኮናትሬ፣ ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ወሰድኳቸው። በኩብ ሂሳብ ከፈልኩ። ተራ ጠብቄ በአራተኛው ቀን ደቀቁልኝ፤ ቴሲሴ ላይም 90 ቀን ሳይሆን 94 ቀን ብዬ በሐቅ ጻፍኩ። ፈታኙ ጠየቀኝ፣ አስረዳሁ፣ አለፈ። የዚያን ቀን ድንጋጤ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ኮምፒዩተር የመረጡት ጓደኞቼ ቀድመውኝ ጨረሱ። ለሚሠራና ልጆች ላለው ሰው እሱን እመክራለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዛሬ ሳይት ላይ ኮንክሪት ሲመጣ ስላምፑን (የእርጥብ ኮንክሪቱን አወራረድ) በዓይኔ አይቼ ውሃ እንደበዛበት አውቃለሁ። ያንን የሰጠኝ 45ቱ ኩብ ነው። ጊዜ ያለው፣ በቀን ፕሮግራም የሚማር ወጣት ላቡን እንዳይሸሽ እለምናለሁ።

ቀን ወይስ ማታ፤ ገንዘቡስ

የቀን ተማሪ ላቡን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ መምህሩን በሥራ ሰዓት ያገኛል። የማታና የቅዳሜ ተማሪ ደመወዙን ይዞ ይማራል፤ መምህሩን ግን ደክሞት ነው የሚያገኘው። ሁለቱም ያስኬዳል። የማታ ተማሪ ሆኖ የላብ ቴሲስ መምረጥ ግን አያስኬድም፤ ወይ ፕሮግራሙን ወይ ርዕሱን ቀይሩ።

ክፍያን በተመለከተ ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ራስ ገዝ ሆኗል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተማረ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ዋጋ አትመኑ። ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዘንድሮውን ጠይቁ፤ በክሬዲት ነው ወይስ በሴሚስተር፣ ቴሲስ ሲራዘም ይጨምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የመግቢያ ፈተናም ስላለ ሒሳባችሁንና እንግሊዝኛችሁን አቧራ አራግፉላቸው። ከዩኒቨርሲቲው ክፍያ ውጪ ለላብ ቴሲስ የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የጠጠር፣ የትራንስፖርት፣ የግል ላብ ወጪ ለብቻው ይያዝ። ለኮምፒዩተር ቴሲስ ደግሞ አቅም ያለው ላፕቶፕ።

አማካሪው

ከግቢውም ከዘርፉም ይልቅ እኔ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ስም ያለው፣ ሦስት ፕሮጀክት የሚያማክር፣ ግማሹን ዓመት ውጭ የሚሆን መምህር አለ። ስሙ ያልገነነ፣ ረቡዕ ረቡዕ ቢሮው በሩን ከፍቶ የሚቀመጥ መምህርም አለ። ሁለተኛውን ያዙ። እንዴት ታውቁታላችሁ? የቴሲስ ማከማቻው ላይ የአማካሪው ስም አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ ቁጠሩ። ከዚያ ከተመረቁት አንዱን ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙትና «ጽሑፍህን በስንት ቀን አንብቦ ይመልስልህ ነበር?» ብቻ ብላችሁ ጠይቁት።

ለያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ አብረን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ ወስደን ሁለቱንም ግቢ ልንዞር ተቀጣጥረናል። እናንተም ዙሩ። ላብ ስትገቡ ስንት ማሽን እንዳለ አትቁጠሩ። ስንቱ እየሠራ እንደሆነ እዩ፤ ኩብ የሚያደቀውን ጠጋ ብላችሁ፣ ጎኑ ላይ የካሊብሬሽን (ማሽኑ በትክክል መለካቱ የተፈተሸበት) ተለጣፊ ካለ፣ የተጻፈውን ቀን አንብቡ።