ደብረ ብርሃን ላይ የስኳር ቁስል የሚያክም ክሊኒክ፦ ጥሩውም ጉድለቱም

ጠባሴ አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። አጎቴን ያመላለስኩት እኔ ስለሆንኩ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

አጎቴ የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ እግራቸውን ምድጃ ዳር ሲያሞቁ ተቃጠሉ፣ ግን አልተሰማቸውም፤ ስኳሩ ነርቩን አደንዝዞታል። ከዚያ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን እየተገዛ ይውጣሉ፣ አንዳንዴም ካፕሱሉን ከፍተው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳሉ። ቁስሉ ጭራሽ መግል ያዘ፣ ሸተተ።

ክሊኒኩን የወደድኩት ቶሎ መድኃኒት ስላልጻፉ ነው። ስኳራቸውን ለኩ፣ ደም እግራቸው ድረስ መድረሱን ምቱን ዳስሰው አዩ፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አነሱና አጠቡ። የካልቸር (የትኛው ጀርም እንደሆነ ላቦራቶሪ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ናሙና የወሰዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ከሥር ከሥጋው፤ ምክንያቱም ላይ ላዩን በጥጥ ጠርጎ መላክ ቆዳ ላይ የሚኖረውን ጀርም ሁሉ ይዞ ይመጣና የትኛው እንደጎዳቸው አይለይም። ሲስተሯ በቀጭን ብረት አጥንት ይነካ እንደሆነ ፈተሸች። ጀርሙ አጥንት ውስጥ ከገባ ራጅ አለ፣ መድኃኒቱም 6 ሳምንት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ተመስገን፣ የእሳቸው አልደረሰም፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት የሚዋጥ ታዘዘላቸው። «አባባ፣ ዱቄቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት» አለቻቸው።

አንዲት እናት አንቲባዮቲክ እንዲሰጧት ስትለምን ደግሞ እምቢ አሏት። ቁስሏ አላበጠም፣ አልቀላም፣ አይሞቅም፣ መግልም የለው። እንዲህ ላለው አንቲባዮቲክ አያድነውም፣ ጀርሙን ከመድኃኒቱ ጋር ከማላመድ በቀር። ገንዘብ እየቀረባቸው እውነቱን መናገራቸውን አከበርኩ።

ጉድለቱ፦ ካልቸሩ አዲስ አበባ ድረስ ይላካል፣ ውጤቱ ይዘገያል፣ ክፍያውም ይከብዳል። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ስለ መራመድ እኔ እስክጠይቅ ድረስ ማንም አለመናገሩ ነው። የእግር መዳፍ ላይ ያለ ቁስል እየተረገጠ ምንም መድኃኒት ቢሰጡት አይድንም! ይሄ ገና የመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት። ጫና የሚያነሳ ጫማም የላቸውም፣ በክራንች ነው የተወጣነው።

ከገጠር ለሚመጣ ሰው ምልልሱ አድካሚ ነው፤ ፋሻ አቀያየሩን አስተምሩን በሏቸው፣ እኔን በደንብ አሳይተውኛል። ትኩሳት ካለ፣ ጣት ከጠቆረ ወይም ቅላቱ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ግን እዚህ ጊዜ አታጥፉ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። ለሌላው ቁስል ጠዋት ድረሱ፤ ከሰዓት ቁስል የምታጥበዋ ሲስተር የለችም።